ከሆስፒታል መዝገብ እስከ ቤት ለቤት ጥያቄ፦ የሕዝብ የአእምሮ ጤና ልኬት በኢትዮጵያ

የአንድን ሕዝብ የአእምሮ ጤና ለመለካት ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛው ማን የት እንደሚኖር የሚያሳይ የቤትና የሰው ዝርዝር ነው። ሁለተኛው ለተመረጠው ሰው ሁሉ በአንድ ዓይነት መንገድ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። ዝርዝሩ ከሌለ አጥኚው መንገድ ላይ ያገኘውን ብቻ ይቆጥራል፤ ጥያቄው ከተዛባ ደግሞ የሚገኘው ቁጥር ከሰዎቹ ሁኔታ ይልቅ የመጠይቁን ጉድለት ያሳያል። በኢትዮጵያ ሁለቱ ተሟልተው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ስለ ስሜታቸው የተጠየቁት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው እውቀት ከሆስፒታል መዝገብና ከጥቂት ሐኪሞች የመስክ ምርመራ የተለቀመ ነበር።

በመዝገብ ዘመን

ዘመናዊ ሕክምና ከመስፋፋቱ በፊት የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው የሚረዳው በቤተሰቡ፣ በጠበል፣ በባለ ዛሮችና በሼሆች ዘንድ ነበር። ሕመሙን ጎረቤት ያውቀዋል፣ ንስሐ አባትም ያውቁታል፤ በቁጥር መዝግቦ የሚያስቀምጠው ግን አልነበረም። በአዲስ አበባ ለአእምሮ ሕሙማን የተለየ ተቋም የተገኘው በጣልያን ወረራ ዘመን ሲሆን፣ እሱም ከዚያ በኋላ ለበርካታ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ የቆየው አማኑኤል ነው።

የአማኑኤል መዝገብ ስለ ሕዝቡ የሚናገረው ጥቂት ነው። ወደ ሆስፒታሉ የሚመጣው በአብዛኛው ሕመሙ የጠናበት፣ ቤተሰቡ ሊይዘው ያልቻለ ወይም ከጎዳና የተነሣ ሰው ነው። እንቅልፍ ያጣ፣ ልቡ የከበደው፣ ሥራው የተስተጓጎለበት ግን ቤቱ የሚቀመጥ ሰው በመዝገቡ አይገኝም። ርቀትም የራሱ ተጽእኖ ነበረው። በአራዳ፣ በፒያሳ ወይም በራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ የሚኖር ሰው ከተማውን አቋርጦ በዚያው ቀን አማኑኤል ይደርሳል፤ ከጎጃም ወይም ከወሎ ገጠር የሚመጣ ግን ቀናትን መጓዝና ለስንቅና ለማደሪያ የሚሆን ገንዘብ መያዝ ነበረበት። ስለዚህ መዝገቡን ብቻ አይቶ የከተማና የገጠር ሕመምን ያነጻጸረ ሰው፣ በእርግጥ የሚያነጻጽረው ማን ሆስፒታል መድረስ እንደቻለ ነበር።

ሐኪሞች ወደ መንደር ሲወጡ

ይህን ክፍተት ለመሙላት የመጀመሪያው ሙከራ የተደረገው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ነው። የሕክምና ፋኩልቲ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር፤ ሆላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ጊል ከአገሩ ልጅ ከቫን ላይክ ጋር ሆኖ ከአዲስ አበባ ውጭ ጥናት ጀመረ። ሁለቱ በአንዲት አነስተኛ የኢትዮጵያ ከተማና በደቡብ ምዕራብ በምትገኝ አንዲት የገጠር መንደር የአእምሮ ሕመምን መጠን መረመሩ፤ የከተማይቱ ውጤት በ1969 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የአእምሮ ሕክምና መጽሔት ታተመ። በግዮን (ወሊሶ) ስለሚደረገው የእምነት ፈውስና የመንፈስ ልክፍትም በ1968 እ.ኤ.አ. ጽፈዋል። በኋላም ጊል ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን የአእምሮ ሐኪሞች አንዱ ከሆኑት ከዶክተር ፍቅሬ ወርቅነህ ጋር በመሆን የአንድ ቄስና የአንድ ሼህን የፈውስ ሥራ አጥንቶ በ1975 እ.ኤ.አ. አሳተመ።

የእነዚህ ሥራዎች ዘዴ ሐኪሙ ራሱ ሰውን እየጠየቀና እየመረመረ ውሳኔ የሚሰጥበት ነበር። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ሐኪሙ መልሱን ብቻ ሳይሆን ሰውየውን ያየዋል፣ ያልገባውንም ደግሞ ይጠይቃል። ጉድለቱም በዚያው ልክ ግልጽ ነበር። አገሪቱ የነበሯት የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ፣ በዚህ መንገድ ከአንድ መንደር ወይም ከአንድ ጤና ጣቢያ በላይ መድረስ አይቻልም ነበር። ሆኖም ጥናቶቹ በተራ ጤና ጣቢያዎች ራስ ምታት፣ የልብ ድካም ወይም የሆድ ሕመም ብለው ከሚመጡት መካከል ችግራቸው ከአእምሮ ጤና ጋር የተያያዘ ብዙዎች እንዳሉ አመለከቱ። ይህ ግኝት ቆጠራው ከሆስፒታሉ አጥር መውጣት እንዳለበት የሚጠቁም ነበር።

የቀበሌ ዝርዝርና ሃያው ጥያቄ

በሺዎች የሚቆጠር ናሙና ለመምረጥ የሚያስችለው ዝርዝር የመጣው ከጤና ሳይሆን ከአስተዳደር ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን፣ ማለትም ቀበሌዎችን አቋቋመ። ከዚያ በኋላ ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ የተወረሱ ቤቶች በቀበሌ ሥር ገቡ፤ ቤቶችም ቁጥር ተሰጣቸው፣ የቤተሰብ ኃላፊዎችም ተመዘገቡ። ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው መንገድ፣ በራስ መኮንን ድልድይ ግራና ቀኝ፣ ተጠጋግተው የተሠሩት ኩሽናና መጸዳጃ የሚጋሩ ቤቶች በወረቀት ላይ የየራሳቸው ቁጥር ነበራቸው። ዝርዝሩ የተዘጋጀው ለኪራይ፣ ለመታወቂያና ለራሽን ቢሆንም፣ ለጥናት ናሙና ማውጫም ያገለግል ነበር። በ1976 ዓ.ም. የመጀመሪያው ብሔራዊ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሲካሄድ ደግሞ መጠኑን የሚያስተካክል መሠረት ተገኘ።

የጥያቄው ጉዳይ ደግሞ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል መጣ። ድርጅቱ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኮሎምቢያ፣ በሕንድ፣ በሱዳንና በፊሊፒንስ ባካሄደው የጋራ ጥናት አጭር መጠይቅ አዘጋጀ፤ በምህጻሩ ኤስ አር ኪው ይባላል። ዋናው ክፍሉ ሃያ ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን መልሱ «አዎ» ወይም «አይደለም» ነው። ባለፈው አንድ ወር ራስዎን ይታመማሉ ወይ፣ እንቅልፍ ያጣሉ ወይ፣ በቀላሉ ይደነግጣሉ ወይ፣ ውሳኔ መስጠት ያስቸግርዎታል ወይ የመሳሰሉትን ይጠይቃል፤ ሕይወትን ስለማጥፋት ማሰብንም ያካትታል። የሕክምና ትምህርት የሌለው ነገር ግን የሠለጠነ ጠያቂ ሊያቀርበው ይችላል፣ ማንበብ ለማይችልም በቃል ይነበብለታል። የ«አዎ» መልሶች ይደመሩና ከተወሰነ መለያ ነጥብ በላይ ያገኘ ሰው የአእምሮ ጭንቀት ሊኖርበት ይችላል ተብሎ ይመደባል። መጠይቁ የምርመራ ውሳኔ አይሰጥም፤ ማን በጥንቃቄ መታየት እንዳለበት ይለያል።

ይህ መሣሪያ ለኢትዮጵያ ይሆናል ወይ የሚለውን ከፈተሹት አንዱ በአዲስ አበባ የሠራው ሌላው ሆላንዳዊ ሐኪም ፍራንክ ኮርትማን ነው። ከባልደረባው ከቴን ሆርን ጋር በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የመለሱትን ሰዎች ጥያቄው ምን እንደገባቸውና ለምን እንደዚያ እንደመለሱ ጠየቀ። የተገኘው ለአጥኚዎች ጥንቃቄ የሚያስተምር ነበር፤ አንዳንዱ «አዎ» ከስሜት መታወክ ይልቅ ከድካም፣ ከረሀብ ወይም ከአካላዊ ሕመም የመነጨ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱም ጠያቂውን ለማክበር ወይም ሕክምና አገኛለሁ ከሚል ተስፋ የተሰጠ ሊሆን ይችላል። የዚህ ትምህርት ውጤት ከዚያ በኋላ በመጡት ጥናቶች ይታያል፤ መጠይቆች በአማርኛ ተተርጉመው ተመልሰው ወደ ምንጩ ቋንቋ እየተተረጎሙ ይመሳከራሉ፣ በሙከራ ይፈተሻሉ፣ ውጤታቸውም ከሐኪም ምርመራ ጋር ይነጻጸራል።

ቡታጅራ

ዝርዝርና ጥያቄ በትልቁ የተገናኙት ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ቡታጅራ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጤና ክፍልና የስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራምን አቋቋሙ። ዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችና አንድ የከተማ ቀበሌ ተመርጠው፣ በውስጣቸው የሚኖሩ ቤተሰቦች በየጊዜው እየተጎበኙ ልደት፣ ሞትና መዛወር ይመዘገብ ጀመር። ይህ ቋሚ መዝገብ ለአጥኚዎች ብርቅ ነገር ሰጣቸው፤ ማን እንደሚኖር ብቻ ሳይሆን ማን እንደሄደና ማን እንደሞተም ያሳውቃል።

በዚህ መዝገብ ላይ የመጀመሪያውን ሰፊ የአእምሮ ጤና ጥናት የሠራው ዶክተር አታላይ ዓለም ነው። 10,468 አዋቂዎች በኤስ አር ኪው ተጠይቀው 17.4 ከመቶው የአእምሮ ጭንቀት ምልክት ታየባቸው። ጭንቀቱ በሴቶች፣ በአረጋውያን፣ ማንበብና መጻፍ በማይችሉ፣ ገቢያቸው አነስተኛ በሆነ፣ ትዳራቸው በሞት ወይም በፍቺ በተቋረጠና አልኮል ከልክ በላይ በሚጠጡ ሰዎች ላይ በርክቶ ተገኘ። በዚያው ሕዝብ ግማሽ የሚሆነው በጥናቱ ጊዜ ጫት ይቅም ነበር። ሥራው በ1997 እ.ኤ.አ. በኡሜዮ የዶክትሬት መመረቂያ ጥናት ሆኖ ቀረበ።

አዲስ አበባ በቁጥር

በ1987 ዓ.ም. የተደረገው ቆጠራ አዲስ አበባ 2,112,737 ነዋሪዎች እንዳሏት መዝግቧል። በዚያ ዘመን ሕዝብ ላይ ደረጀ ከበደ፣ አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው የከተማዋን ነዋሪ ቤት ለቤት የሚጠይቅ ጥናት አካሄዱ፤ ውጤቱ በ1999 እ.ኤ.አ. ከቡታጅራው ጋር በአንድ የስካንዲኔቪያ መጽሔት ልዩ እትም ታተመ። በከተማዋ 10,203 ሰዎች በኤስ አር ኪው ተጠይቀው ጭንቀት የታየባቸው 11.7 ከመቶ ሆኑ። እዚህም ሴቶች፣ ትምህርት ያላገኙና ሥራ የሌላቸው ይበልጥ ተጎድተው ተገኙ።

ከዚህ ጋር 1,420 ሰዎች ረዘም ባለና ወደ ምርመራ ውሳኔ በሚያደርስ ቃለ መጠይቅ ታዩ። ሲ አይ ዲ አይ የተባለው ይህ የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ አስቀድሞ በአማርኛ ተዘጋጅቶ ተፈትኖ ነበር። ሕመሙ ስኪዞፍሬኒያ ነው፣ ድብርት ነው ወይስ ሌላ የሚለውን ለመለየት ያስችላል። አጭሩ መጠይቅ የጭንቀትን ስፋት ሲያሳይ ረዥሙ የሕመሙን ዓይነት ይለያል፤ ሁለቱ የተለያየ ሥራ ስላላቸው ቁጥሮቻቸውን እንደ አንድ ነገር መደመር ስሕተት ነው።

የቡታጅራና የአዲስ አበባ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የገጠሩ ከፍ ብሎ ይታያል። ይህ የገጠር ሕይወት ሰላማዊ ነው፣ የከተማ ሕይወት ግን ያስጨንቃል ከሚለው የተለመደ አስተያየት ጋር አይገጥምም። ንጽጽሩ ግን ገደብ አለው። የሁለቱ ሕዝቦች ትምህርት፣ ገቢና የአካል ሕመም የተለያየ ሲሆን፣ የአካል ሕመም ምልክቶች ደግሞ በመጠይቁ ውስጥ ይቆጠራሉ። ሌላው ገደብ የቁጥሩ ስፋት ነው። 11.7 ከመቶ የመላ ከተማዋ አማካይ እንጂ የአራዳ ወይም የፒያሳ አይደለም። ለአንድ ሰፈር የሚሆን ቁጥር ለማግኘት በዚያ ሰፈር ብቻ በቂ ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል። በኋላም የአስተዳደር ወሰኑ ራሱ ተለውጧል፤ በ1995 ዓ.ም. ከተማዋ በክፍለ ከተሞች ተዋቅራ አራዳ አንዱ ሲሆን፣ የድሮዎቹ ቀበሌዎች ቀስ በቀስ ተዋሕደው በወረዳ ተተኩ። ስለዚህ አሁን የአንድ ወረዳ ቁጥር ቢገኝ ከዚያ ዘመን ቀበሌ ጋር በቀጥታ ሊነጻጸር አይችልም።

68,378 ሰዎች

ጭንቀት በየቤቱ ይገኛል፤ ስኪዞፍሬኒያና ባይፖላር ግን ብርቅ ስለሆኑ በጥቂት ሺህ ናሙና ውስጥ የሚገኙት ጥቂት ብቻ ናቸው። በ1998 እ.ኤ.አ. በቡታጅራ የተጀመረው ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆናቸውን 68,378 ሰዎች ቤት ለቤት ፈተሸ። ሁለት መንገዶች አብረው ተሠሩ። አንደኛው መጠይቅ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሰፈሩን የሚያውቁ ቁልፍ መረጃ ሰጪዎች በአካባቢያቸው ያሉ ታማሚዎችን እንዲጠቁሙ ማድረግ ነበር። ተሾመ ሽብሬና ባልደረቦቹ በ2002 እ.ኤ.አ. እንዳሳተሙት፣ መረጃ ሰጪዎች ጠባዩ ለሰው የሚታየውን ስኪዞፍሬኒያ በተሻለ ያገኙት ሲሆን፣ ለጎረቤት የማይታዩትን የስሜት መታወኮች በመያዝ ደግሞ መጠይቁ ይሻል ነበር። የተጠረጠሩት ሁሉ በኋላ በሐኪሞች ተመረመሩ። ስኪዞፍሬኒያ በሕይወት ዘመኑ የያዘው ሰው ከ1,000 ውስጥ 4.7 ሆኖ ተገኘ፤ ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ፣ ዘመናዊ ሕክምና ያገኙትም ጥቂት ነበሩ።

በዚያው ዘመን ተመሳሳይ ፍለጋ ከሌላው ሕዝብ ተለይተው ወደሚኖሩ ማኅበረሰቦች ዘለቀ። በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች 1,691 አዋቂዎች ታይተው የባይፖላር ሕመም 1.83 ከመቶ ሆነ፤ በቦረና አርብቶ አደሮችም የስሜት መታወክ ተጠንቶ በ2004 እ.ኤ.አ. ታተመ። እነዚህ ጥናቶች የአንድን አካባቢ ቁጥር ወስዶ ለአገር ማውረድ አደገኛ መሆኑን አሳይተዋል።

የቡታጅራው ትልቁ ፍሬ ግን የመጣው ከመቁጠር ይልቅ ከመከታተል ነው። ከተገኙት መካከል 919 ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ለአሥር ዓመት ክትትል ተደርጎላቸዋል። በእነዚህ ዓመታት 121 ሰዎች ሞቱ። አበባው ፈቃዱና ባልደረቦቹ በ2015 እ.ኤ.አ. እንዳሳተሙት ይህ የሞት መጠን ከአካባቢው ሕዝብ እጥፍ ነው፤ ታማሚዎቹም ሦስት አሥርት ዓመታት ያህል ቀድመው ያርፋሉ። ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነበር። የአእምሮ ሕመም ዕድሜ እንደሚያሳጥር በቁጥር የተረጋገጠው በዚህ መንገድ ነው፤ ቁጥሩም ስለ ምግብ፣ ስለ ተላላፊ በሽታ ሕክምናና ስለ ቤተሰብ ድጋፍ የሚያነሣው ጥያቄ ከመድኃኒት በላይ ነው።

መለኪያውን ማስተካከል

በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። የሐኪሞች ቁጥር መጨመሩ ለልኬቱም ጠቅሟል፤ የመጠይቅን ውጤት የሚያረጋግጡ መርማሪዎች በአገር ውስጥ ተገኙ። ትኩረቱ ወደ ነፍሰ ጡሮችና አራሶች ዞረ። ሻርሎት ሃንሎን፣ ግርማይ መድህን፣ አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ባደረጉት ጥናት፣ በውጭ አገር ለአራሶች የተሠራው የኤድንብራ መጠይቅ በገጠር ብዙም እንዳልሠራና ኤስ አር ኪው የተሻለ እንደሆነ አገኙ። በአዲስ አበባ ግን ማርቆስ ተስፋዬና ባልደረቦቹ በ2010 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት የኤድንብራውና ኬስለር የተባሉት መጠይቆች ለከተማ አራሶች እንደሚያገለግሉ አሳየ። አንድ መጠይቅ በአንድ አገር ውስጥ ለከተማ ሲሠራ ለገጠር ላይሠራ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

ከሕመም ወደ ደኅንነት

የአእምሮ ደኅንነት የሕመም አለመኖር ብቻ አይደለም፤ ሰው በኑሮው ምን ያህል እንደረካም ይመለከታል። ይህን መለካት የጀመሩት በአብዛኛው የድህነት ጥናቶች ናቸው። በእንግሊዙ ባዝ ዩኒቨርሲቲ የተመራው የ2002–2007 እ.ኤ.አ. ጥናት ከኢትዮጵያ ስድስት አካባቢዎችን መረጠ፤ ከእነዚህ ውስጥ በአማራ ክልል ዲንኪና የትመን፣ በአዲስ አበባ ኮልፌ ይገኛሉ። ሰዎች ለጥሩ ኑሮ ምን እንደሚያስፈልግና ያላቸው ምን እንደሆነ ተጠየቁ። በ2002 እ.ኤ.አ. የተጀመረው «ያንግ ላይቭስ» የተባለው የረዥም ጊዜ ጥናት ደግሞ በአዲስ አበባ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ በ20 ቦታዎች 3,000 ሕፃናትን መረጠ። እናቶቻቸውን በኤስ አር ኪው ጠየቀ፤ ልጆቹ ሲያድጉም ዘጠኝ እርከን ባለው መሰላል ላይ ሕይወታቸው የት እንዳለ እንዲያሳዩ አደረገ። ከዓመታት በኋላ ያንኑ ሰው መልሶ መጠየቅ ስለሚቻል፣ ለውጡ ከሰዎቹ እንጂ ከናሙናው መቀያየር የመጣ አለመሆኑ ይታወቃል።

የቅርቡ ዘመን

መንግሥት ለ2005–2008 ዓ.ም. ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ሲያወጣ ከቡታጅራና ከአዲስ አበባ የተገኙት ቁጥሮች አገልግሎቱን ከአማኑኤል ወደ ጤና ጣቢያ ለማውረድ እንደ መከራከሪያ ሆነዋል። በ2011 እ.ኤ.አ. በአምስት አገሮች የጀመረው ፕራይም የተባለ ፕሮጀክትም በኢትዮጵያ በሶዶ ወረዳ ይህን የማውረድ ሥራ እየተከታተለ ለካ።

ከዚያ ወዲህ የልኬቱ መሠረት ራሱ ላልቷል። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተደረገው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያኔ አዲስ አበባ 2,739,551 ነዋሪዎች ነበሯት፤ ቀጣዩ ቆጠራ ተራዝሟል። አጥኚዎች ግምትን መነሻ እያደረጉ ይሠራሉ። በ2020 እ.ኤ.አ. የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ቤት ለቤት መሄድን ሲከለክል «ያንግ ላይቭስ» ወጣቶቹን በስልክ ስለ ጭንቀትና ድብርት ጠየቀ፤ በኅዳር 2013 ዓ.ም. አካባቢ በተደረገው ዙር ግን በትግራይ በተከሰተው ጦርነትና የግንኙነት መቋረጥ የክልሉ ወጣቶች ሊገኙ አልቻሉም። ጭንቀት ይበረታል ተብሎ በሚጠበቅበት ቦታ ቁጥሩ ጠፋ። በአማራ ክልል ጦርነት በነካቸው አካባቢዎችም በኋላ የጎንደርና የወሎ ዩኒቨርሲቲዎችን ጨምሮ አጥኚዎች የአደጋ ጠባሳን የሚለኩ መጠይቆች ይዘው ተፈናቃዮችንና ነዋሪዎችን ጠይቀዋል፤ አብዛኛው ግን የአንድ ጊዜ ልኬት ነው፣ ከጦርነቱ በፊት ከነበረው ሁኔታ ጋር የሚያነጻጽር መነሻ የለውም።

በአራዳ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በተዘረጋው የኮሪደር ልማት የቆዩ ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪዎች ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ተዛውረዋል። በራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ የነበረው የቤት ቁጥር ዝርዝር ከእነርሱ ጋር አልሄደም፤ እድርና ጎረቤትም ከቤቱ ጋር ተበትኗል። የተዛወሩት ሰዎች የአእምሮ ደኅንነት ምን እንደሆነ ለማወቅ ከመዛወራቸው በፊት የተደረገ ልኬት፣ ሰዎቹ በሄዱበት የሚከታተል ዝርዝርና ያልተለወጠ ጥያቄ ያስፈልጋል። ቡታጅራ ለታማሚዎች፣ «ያንግ ላይቭስ» ለሕፃናት የሠሩት ይህንኑ ነው። ለአንድ የከተማ ሰፈርም ከለውጥ በፊት መነሻ ልኬት ተይዞ፣ በዚያው መጠይቅና በዚያው መለያ ነጥብ እነዚያው ሰዎች በየጥቂት ዓመቱ ቢጠየቁ፣ የቤት መፍረስ፣ ሥራ ማጣት ወይም የኑሮ ውድነት በአእምሮ ጤና ላይ ያሳደረው ለውጥ በሰፈር ደረጃ ሊታይ ይችላል።